አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቅበት አገር

ከጀርመን ከተመለስኩ ወዲህ የልደታ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ባቡሩና ስለ በረዶው ነው። እውነቱን ከተናገርኩ ግን አብዝቼ ያየሁት ኮርኒስ ነው። ምሥራቅ በርሊን ድረስ ሄዶ ስለ ኮርኒስ የሚያወራ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቢሆንም ከሰፈራችን ወደዚያ የሚሄድ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ያየሁትንም ያጠፋሁትንም ሳልረሳው በየቀኑ ከፋፍዬ ልጻፈው ብያለሁ።

ስሜ ሽፈራው ነው። በአንድ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነኝ፤ የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እየለቀምኩ ስደረድር ጠጉሬ ሸብቷል። የምኖረው ከአብነት በታች ከባለቤቴ ከዘነበች ጋር ነው። ልጅ የለንም። ከቤቴ ወደ ልደታ ማርያም የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፤ በሽታዬን ያጋለጠብኝም እሱ ነው። ልሳለም ስወጣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይጫንና ትንፋሽ ይነሳኛል። እንዳይታወቅብኝ ሻማ ሻጯ ዘንድ ቆም እልና ዋጋ እጠይቃለሁ። ትንሽ ሄጄ ደግሞ ለጫማ ሰፊው ሰላምታ አበዛለሁ። አንድ እሁድ ሻማ ሻጯ፣ ጋሼ ዋጋ እንደጠየቁ ዓመት ሊሞላዎት ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ሻማ ሲገዙ አላየሁም ብላ ሳቀችብኝ። ዘነበች ከኋላዬ ነበረች፤ ሰማች። በማግስቱ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሞቹ ለልብ ደም ከሚያደርሱት ሥሮች አንዱ ጠቧል አሉ። ጭራሹን ከተዘጋ እንደማልተርፍ ሳይደብቁ ነገሩኝ። በውጭ አገር ደረት ሳይቀደድ፣ በቀጭን ቱቦ ትንሽ ፊኛ አስገብተው ሥሩን የሚከፍቱበት ሕክምና ወጥቷል፤ እኛ ዘንድ ግን የለም። የሐኪሞች ቦርድ ውጭ ይታከም ብሎ ፈረመ። የማተሚያ ቤታችን ሠራተኞች ማኅበር በምሥራቅ ጀርመን ወዳጅ ማኅበር ነበረውና በእሱ በኩል አልጋ ተገኘልኝ። ከዚያ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ዋስ፣ የመውጫ ቪዛ፤ ልቤ ሳትቆም ወረቀቱ ማለቁ ራሱ ተአምር ነው። ዘነበች አብራኝ እንድትሄድ ባመለክት ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ባልና ሚስት አብረው ከወጡ ማን ይመልሳቸዋል አለ። ስለዚህ ብቻዬን ልሄድ ሆነ። ሞቱን ፈርቻለሁ፤ ከሞቱ ይልቅ ግን ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው በሌለበት መሞትን ፈራሁ።

የመጀመሪያው ቀን

የተነሳሁት በጾመ ነቢያት፣ በታኅሣሥ ልደታ ማግስት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ ሰው ሞላ። መንገደኛ ሲሸኝ ባዶ እጁን የሚመጣ የለምና አንዷ ጋቢ፣ አንዷ የእግር ሹራብ፣ አንዷ ዳቦ ቆሎ ይዛ መጣች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ካፖርቱን አዋሰኝ፤ እጅጌው ጣቴን ሁሉ ይውጠዋል። ዘነበች በሶ በላስቲክ ቋጥራ ከልብሴ ሥር ከተተች፣ ፈረንጅ አገር ጾመኛ ምን ይበላል ብላ። ሁሉም አይዞህ ይላል። ስለ ፊኛው ግን አንድም የጠየቀኝ የለም። ስሙን ማንሳት ራሱ ደግ አይደለም ብለው መሰለኝ።

ቦሌ ስንደርስ ሸኚ ከበሩ አያልፍም ተባለ። ዘነበች ከወታደሩ ጋር ልትከራከር ስትል እጇን ያዝኳት። ስትደርስ ጻፍልኝ አለች። እኔም ፊኛውን ይዤልሽ እመጣለሁ ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ከበሩ ካለፍኩ በኋላ ዞሬ ባይ የሰው ራስ በዝቶ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ አንድ ፈረንጅ ተቀመጠ። ከልደታ መርካቶ በውይይት ታክሲ ስሄድ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው አገሩንና የሚያመውን ሳላውቅ ወርጄ አላውቅም። ከዚህ ሰውዬ ጋር ክንዳችን እየተነካካ ግማሽ ቀን በሰማይ ስንሄድ የሰማሁት ድምፅ ቢኖር ለሽንት ሲነሳ ያላት ይቅርታ ብቻ ነች። ምግቡ ሥጋ ነበር፤ መለስኩት። ዳቦ ቆሎዬን አውጥቼ ልቆረጥም ስል ድምፁ ሰው ያስደነግጣል ብዬ አፌ ውስጥ እያራስኩ ዋጥኩት። አሁን ሳስበው ከቤቴ ከወጣሁ ቀን ሳይሞላኝ ሰው እንዳላስቸግር መሳቀቅ ጀምሬ ነበር።

ሁለተኛው ቀን

በርሊን እንደወረድን የጉምሩክ ሠራተኛው ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ልብስ፣ ጋቢ፣ ሹራብ፤ ከዚያ በላስቲክ የታሰረ ቡናማ ዱቄት። ፊቱ ተለወጠ። አሸተተው፣ ለጓደኛው አሳየው፣ ጓደኛውም አሸተተው። በሶ ነው ብዬ በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ሌላ ምን ልበል! ነገሩ እየከረረ ሲመጣ ውሃ እንዲሰጡኝ በእጄ ጠየቅኩ። መዳፌ ላይ ትንሽ በጠበጥኩና እያዩኝ በላሁ። ጣቴንም ላስኩ። ትልቁ ሰውዬ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ላስቲኩን ከዘነበች ቋጠሮ አስበልጠው አሰሩልኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እንደዚያ ከሰው ጋር አልሳቅኩም።

ውጭ ስሜ የተጻፈበት ካርቶን የያዘ ያገሬ ሰው ቆሟል። ፊደሉ የተራራቀና የተጣመመ ነበር፤ እንደዚያ አድርጌ ብደረድር ኖሮ አለቃዬ ያባርረኝ ነበር። ሰውዬው ዳንኤል ይባላል። እዚያው አገር ትዳር ይዞ ምሕንድስና የሚያጠና፣ እንደኔ ላለ ሕመምተኛ የሚያስተረጉም ሰው ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንወጣ መጀመሪያ እግሬን ያሳረፍኩበት በረዶ አንሸራቶኝ እሱ ላይ ወደቅኩ። ጭቃ ያንሸራትታል እንጂ እንዲህ ነጭ የሆነ ነገር ይጥለኛል ብዬ መች አስቤ! ሆስፒታል አድርሶኝ ወረቀቱን ሁሉ ካስሞላልኝ በኋላ ተሰናበተኝ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴው እስኪጠፋ አዳመጥኩ።

ሦስተኛው ቀን

ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው። አንዱ የእኔ፣ ሁለተኛው የአቶ ክራውዘ። አቶ ክራውዘ በመንገድ ላይ በሐዲድ የሚሄደውን የከተማ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። የእሳቸውም በሽታ እንደኔው ነው። እንዲህ ያለ አማራሪ ሰው አይቼ አላውቅም። ዳቦው ደረቀ፣ ትራሱ ጠነከረ፣ መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፣ ጎኔን ወጋኝ፣ እግሬ ቀዘቀዘ። ቋንቋውን ባልሰማም በጣታቸው ስለሚያሳዩ ሁሉ ይገባኛል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አባት ቢኖር ልጆቹ በአፍረት አንገታቸውን ይደፉ ነበር ብዬ አማኋቸው።

አስታማሚያችን ሲስተር ኢንገ ትባላለች፤ ወፍራም፣ ፈጣን፣ ጉንጯ ቀይ ሴት። ጠዋት ትመጣና እሳቸውን ትጠይቃለች፤ እሳቸው ይዘረዝራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ "ጉት?" ትለኛለች። ደህና ነህ ማለቷ ነው። እኔም "ጉት፣ ዳንከ" እላለሁ፤ ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ ነው። ጽፋ ትሄዳለች።

የመጀመሪያው ጠዋት ትመለሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ወገቤን ይዞኝ ነበር፣ ደረቴም ከባድ ነበር። እኛ ዘንድ ደህና ነኝ የሚለውን የመጀመሪያ መልስ የሚያምን ማን አለ? ጨዋ ሰው ሲጠየቅ አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ጠያቂው ቁጭ ይላል፣ ስለ ዝናቡ ይጫወታል፣ ደግሞ እንዴት ነህ ይላል። አሁንም ደህና ነኝ። ሊነሳ ሲል ፊትህ ግን ጠቁሯል ይላል። ያን ጊዜ ነው የሚወጣው። ዘነበች ሦስት ጊዜ ሳትጠይቅ ከአልጋዬ አጠገብ ተነስታ አታውቅም። ሲስተር ኢንገ ግን ሄደች። እስከ ምሳ በሩን በሩን ሳይ ቆየሁ። ያን ዕለት ሆድ ባሰኝ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ ደህና ነኝ ስል መዋሸቴን የሚያውቅ አንድ ሰው እንደሌለ ገብቶኝ ነው።

በምግቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቋሊማ፤ ሁሉንም መለስኩ። ሲስተር ኢንገ ሆዴን የሚያመኝ መስሏት ትነካካኝ ጀመር። መስቀል በጣቴ ሠርቼ፣ አፌን በእጄ ዘግቼ አሳየኋት። ትንሽ አሰበችና ሄደች፤ ስትመለስ የተቀቀለ ድንችና ጨው ይዛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ድንችና ጎምዛዛ ጎመን ይቀርብልኝ ነበር። አንድ ቀን ከቤቷ ሁለት ፖም በመሐረብ ቋጥራ አመጣችልኝ። እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ ይህን የምጽፈው በኋላ ያደረግኩት ነገር በእሷ ጥፋት የመጣ እንዳይመስል ነው።

አራተኛው ቀን

ሐኪሙ ዳንኤልን ይዞ መጣ። ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። በወረቀት ላይ ዝገት የዘጋው የውሃ ቧንቧ የመሰለ ነገር ሣለልኝ። ቱቦውን ከብሽሽቴ አስገብተው እስከ ልብ ይወስዱታል፤ ፊኛው የጠበበው ቦታ ላይ ሲነፋ ሥሩ ይከፈታል። እምቢ ካለ ደረቴ ይቀደዳል። ከዚያ አንድ ነገር ደጋግሞ ተናገረ፤ ዳንኤልም ደጋግሞ ተረጎመልኝ። ከሕክምናው በኋላ ባሉት ሰዓቶች የተከፈተው ሥር በድንገት ሊደፈን ይችላል፣ ምልክቱ የደረት ሕመም ነው፣ ትንሽም ብትሆን ወዲያው መናገር አለብኝ። ገባኝ አልኩ። ጤና ጥበቃ ለሚለጥፈው ወረቀት በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት በገዛ እጄ ፊደል ለቅሜ ስንት ጊዜ አሳትሜዋለሁ። ሰው ያነበበውን እንጂ የደረደረውን ልብ አይልም መሰለኝ።

ዳንኤል በሕክምናዬ ዕለት ፈተና ስላለበት ሊመጣ እንደማይችል ሲነግረኝ ፊቱ በሐፍረት ቀላ። ምንም አይደለም፣ አንተ ፈተናህን እለፍ አልኩት። እሱም ያገሬ ልጅ ሆኖ ሳለ አመነኝ። ብዙ ዓመት እዚያ ኖሯል።

አምስተኛው ቀን

እሁድ ነበር፤ የጠያቂ ቀን። አገሬ ቢሆን የልደታ ሰው ምሳ ዕቃውን ይዞ ዘበኛውን እየለመነ ክፍሉን ይሞላው ነበር፤ እኔን ሊጠይቅ የመጣ አጠገቤ የተኛውንም ይጠይቃል። እዚያ ጠያቂዎቹ አበባ ይዘው፣ በሹክሹክታ አውርተው፣ ሰዓታቸውን አይተው ይሄዳሉ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የተኛሁ መሰልኩ። የአቶ ክራውዘ ባለቤት ግን አልተታለሉም። አልጋዬን ዞረው መጥተው እጄን ጨበጡኝና ከኬካቸው ትልቅ ቁራጭ አስቀመጡልኝ። ጾም ነው ብዬ መመለሱ ከበደኝ። ሲሄዱ መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት፤ አቶ ክራውዘም ስኳር ተከልክለው ሳለ ከመሳቢያዬ አውጥተው በሁለት ጉርሻ ጨረሱት። ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆንን።

ስድስተኛው ቀን

ጠዋት ወሰዱኝ። ክፍሉ ብርድ ነው፣ ዕቃው ሁሉ ብረት ነው። አላስተኙኝም፤ ብሽሽቴን ብቻ ነው ያደነዘዙት። ሥሩን የሚያሳይ ቀለም በቱቦው ሲረጩብኝ ውስጤን የፈላ ውሃ ያፈሰሱበት ያህል ሞቀኝ። እንደ ቴሌቪዥን ባለ መስተዋት ላይ የገዛ ልቤን አየኋት፤ ትንሽ ናት፣ ትሠራለች፣ ማንንም አታይም። ፊኛው ሲነፋ ያ የዳገቱ ሕመም መጣ፤ ሐኪሙ "ጉት?" ሲለኝ "ጉት" አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው። አስተንፍሰው ደግመው ነፉት። በመጨረሻ ሐኪሙ ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ ፈገግ አለልኝ። ተከፍቷል ማለት ነው።

እኩለ ቀን ላይ ወደ ክፍሌ መለሱኝ። ደም እንዳይፈስ ብሽሽቴ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫኑና እግርህን እንዳታንቀሳቅስ አሉኝ። ሲስተር ኢንገ በየጊዜው ትመጣለች፤ "ጉት?" "ጉት።" እስከዚያ ድረስ እውነት ነበር።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ እዚያ አገር በዚያ ሰዓት ይጨልማል፣ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀመጠ። በሩ ክፍት ስለነበር ሲስተር ኢንገ ኮሪደሩ ላይ ካለችው ጠረጴዛ ስትቀመጥ አየኋት። ከጠዋት ጀምሮ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ዳቦዋን ከወረቀት አወጣች። ትብላ፣ ስትጨርስ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። እህል የያዘ ሰው ከማዕድ ይነሳል እንዴ? አንድ ጎረሰች። ሕመሙ ወደ ግራ ክንዴ ወረደ። ሁለተኛ ጎረሰች። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቀና ብላ ከተቀመጠችበት "ጉት?" አለችኝ።

"ጉት፣ ዳንከ" አልኳት።

ደግማ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። ወደ ዳቦዋ ተመለሰች። ደረቴ እየጠበበ፣ ኮርኒሱ እየራቀ ሄደ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ዘነበችን ነው። የቀበሌው ተላላኪ ደጃችን ቆሞ ሲጠራትና እሷ ደብዳቤ የመጣላት መስሏት እየሮጠች ስትወጣ ታየችኝ። እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ልጮህ ብልም አሁን ድምፅ አልወጣልኝም።

ያዳነኝ ያ አማራሪ ሽማግሌ ነው። አቶ ክራውዘ ተኝተው ነበር፤ ሲነቁ ወደኔ ዞሩ። ፊቴን አንዴ አዩትና ደወሉን ተጫኑ። እሱ አልበቃ ብሏቸው የብረት ኩባያቸውን ከአልጋው ጋር እያጋጩ፣ "ጉት አይደለም! ጉት አይደለም!" እያሉ በቋንቋቸው ጮኹ። ሲስተር ኢንገ ዳቦዋን ጥላ መጣች። አልጋዬን እየገፉ ሲሮጡ የኮሪደሩ መብራት አንድ በአንድ በላዬ ሲያልፍ አስታውሳለሁ። ፊኛውን ሁለተኛ አስገብተው ሥሩን ሁለተኛ ከፈቱት።

ሰባተኛው ቀን

ሐኪሙና ዳንኤል መጡ። ዳንኤል ፈተናውን ጨርሶ ሲሰማ እንደ ሕፃን አልቅሷል አሉ። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሕመሙ መቼ እንደጀመረኝ ጠየቀ። ሲስተሯ ልትበላ ስትቀመጥ አልኩ። ታዲያ ለምን አልተናገርክም አለ።

"እየበላች ነበር" አልኩ።

ዳንኤል ይህን ከመተርጎሙ በፊት አንገቱን ደፋ። ከዚያ ከእኔ ቃል በላይ ብዙ ተናገረ፤ አገራችን እንዲህ ነው፣ ሕመምተኛ በመጀመሪያው ጥያቄ አይናገርም እያለ እንደሚያስረዳልኝ ከእጁ አነጋገር ገባኝ። ሐኪሙ እስኪጨርስ አዳመጠና ዝግ ባለ ድምፅ አጭር ነገር መለሰ። ምን አለ አልኩት።

"እኛ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምንጠይቀው ይላሉ። የሚነግሩንን ስለምናምን ነው ይላሉ፣ ጋሽ ሽፈራው።"

ለአራት ቀን ጭካኔ ነው ብዬ የተከፋሁበት ነገር ለካ እምነት ኖሯል። የሚያምኑኝን ሰዎች ስዋሽ ከርሜ ልገድላቸው፣ ማለቴ ልሞትባቸው ነበር። ከሐኪሙ ፊት አለቀስኩ። ሲስተር ኢንገም ስትገባ ይቅርታ በልልኝ አልኩት ዳንኤልን። እሷም ከእንግዲህ አንተ በማታየኝ ቦታ ነው የምበላው ብላ ትከሻዬን መታ አደረገች።

ሐኪሙ ሊነሳ ሲል አንድ ነገር ጨመረ። በፊኛ የተከፈተ ሥር በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት መልሶ ሊጠብ ይችላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሼ መታየት አለብኝ። ዳንኤል ሲተረጉም ዓይኔን አላየም። የመውጫ ቪዛ ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አመሰግናለሁ በልልኝ አልኩት።

ከስምንተኛው እስከ አሥራ አምስተኛው ቀን

እነዚህ ቀኖች ይመሳሰላሉ። አቶ ክራውዘ ያማል የሚለውን ቃል "ሽሜርትስ" ነው ብለው አስተማሩኝ፤ ጠዋት ጠዋት ጮክ አድርጌ እንድለው ያስገድዱኛል። የሚያመኝ ባይኖርም ለልምምድ እላለሁ፤ ሲስተር ኢንገ ከኮሪደሩ ትስቃለች። እሳቸውም በተራቸው ለፊኛው ሄደው በደህና ተመለሱ፤ ገና ከበሩ ስለ ትራሱ ማማረር ጀመሩ። ለዘነበች ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ስለ ድንቹ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ኬኩ ጻፍኩላት። ሥሩ ተከፍቷል አልኳት። መልሶ ሊዘጋ ስለመቻሉ አንድ ፊደል አልጻፍኩም።

አሥራ ስድስተኛው ቀን

አብረን ከሆስፒታል ስለወጣን አቶ ክራውዘ ቤታቸው ወሰዱኝ። አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ስወጣ የምጠይቀው የሻማ ዋጋ አልነበረም፤ አላስፈለገኝምም። ባለቤታቸው ከሲስተር ኢንገ ጠይቀው ኖሮ ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ የምስር ሾርባ ሠርተው ጠበቁኝ። ምስር! አንድ ማንኪያ እንደቀመስኩ ቤቴ ውል አለኝ፤ ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ወይዘሮ ክራውዘ ጨው አነሰው እንዴ በሚል ዓይን አዩኝ። በምልክት፣ አይ፣ ቤቴ ትዝ ብሎኝ ነው አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጥያቄ እውነቱን ተናገርኩ። እሳቸውም ሾርባ ጨመሩልኝ። በዚያ ቤት ሁለት ቀን ሰነበትኩ። ከመስኮቱ የሚታዩት ሺህ መስኮቶች ናቸው፤ ከአንዱም ሰው አንገቱን አውጥቶ ሲጣራ አልሰማሁም።

የመመለሻ ቀን

ዳንኤል ሸኘኝ። አቶ ክራውዘ በብርዱ መጥተው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ስለ ጉልበታቸው ሲያማርሩ አብረውን ሄዱ። ስንለያይ ደረቴን በጣታቸው ነካ አድርገው "ሽሜርትስ?" አሉኝ። የለም አልኩ፤ እውነቴን ነበር። ሁለተኛ እንደማንገናኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበርና ቶሎ ዞሩ።

ልደታ ስደርስ ሰፈሩ ደጄ ላይ ነው። እንኳን ለቤትህ አበቃህ፣ እንኳን አበቃህ፤ እልልታው፣ መሳሳሙ። ጎረቤታችን እማማ ትርፌ ደረቴን ትክ ብለው አይተው፣ ልጄ ፊኛው አሁንም ውስጥህ ነው ብለው ጠየቁኝ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንድ በአንድ እንዴት ነህ አሉኝ፤ ለሁሉም ደህና ነኝ፣ ተመስገን አልኩ። ጀርመን ከሞት የሚያስነሳ አገር ነው ተባለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ይረፍበት ብሎ ወጣ።

ከዘነበች ጋር ሁለታችን ብቻ ቀረን። ከስታለች። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችና አየችኝ።

"እንዴት ነህ ታዲያ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ተመስገን" አለችና ሻንጣዬን ከፍታ ልብስ ማውጣት ጀመረች። ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ። ስለ ካፖርቱ ጠየቀችኝ፤ ለባለቤቱ መቼ እንደሚመለስ። ጠበቅኩ። ሹራቦቹን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። ሦስት ሳምንት በባዕድ አገር የናፈቅኩት ያ ጥያቄ በገዛ ቤቴ አልመጣ አለ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ እጇን አየሁ፤ አሁን ደግሞ ካፖርቱን አጥፋ ትዘረጋለች፣ ቀና ብላ አታየኝም።

"ዘነበች" አልኳት፣ "ሥሩ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል ብለውኛል። በስድስት ወር ተመለስ አሉኝ። ማን ይለቀኛል? ፈርቻለሁ።"

ካፖርቱን እንደያዘች አልጋው ላይ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

"ደግሜ ብጠይቅህ ትነግረኛለህ ብዬ ነው የፈራሁት" አለች።

ከዚያ ከጉምሩኩ ጀምሬ፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ ኩባያው፣ ስለ ኮሪደሩ መብራት፣ ስለ ቀበሌው ተላላኪ ያሰብኩትን ሳይቀር አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እሷ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።